የክፍል ጥያቄና መልስ

የክፍል ጥያቄና መልስ ማለት መምህሩ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ጥያቄ አቅርቦ መልስ የሚቀበልበት የማስተማር ዘዴ ነው። ዘዴው በኢትዮጵያ ከአንደኛ ደረጃ እስከ ዩኒቨርሲቲ በስፋት ይሠራበታል። ዋና ችግሩ ጥያቄው ለሁሉም ቢቀርብም መልሱ የሚመጣው ከጥቂት ተማሪዎች መሆኑ ነው። የቀሩት ዝም ሲሉ መምህሩ ማን እንደገባውና ማን እንዳልገባው ማወቅ አይችልም።

ይህ መጣጥፍ ተማሪዎች በክፍል ጥያቄ ወቅት ዝም የሚሉባቸውን ምክንያቶችና ዝምተኛ ተማሪዎችን ለማሳተፍ የሚያገለግሉ ዘዴዎችን ይገልጻል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከሐረር ከተማና ከኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ የተወሰዱ ናቸው።

አሠራሩ

የክፍል ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ሦስት ደረጃዎች አሉት። መምህሩ ይጠይቃል፤ አንድ ተማሪ ይመልሳል፤ መምህሩ መልሱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ይናገራል። ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1975 ጆን ሲንክሌርና ማልኮም ኩልታርድ የተባሉ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ምሁራን በዝርዝር ገልጸውታል። በዚህ ሥርዓት ከሦስቱ ንግግሮች ሁለቱ የመምህሩ ናቸው። አንዱ ደግሞ የአንድ ተማሪ ብቻ ነው።

ቀላል ስሌት ችግሩን ያሳያል። 50 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለሁሉም እኩል ቢከፋፈል፣ መምህሩ አንድም ቃል ባይናገር እንኳ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ነው። መምህሩ በክፍለ ጊዜው 10 ጥያቄዎች ጠይቆ ለ10 የተለያዩ ተማሪዎች ዕድል ቢሰጥ፣ 40 ተማሪዎች አንድም ቃል ሳይናገሩ ይወጣሉ። ብዙ ጊዜ ግን 10ሩ ጥያቄዎች እንኳ ለ10 ሰው አይደርሱም፤ እጅ የሚያወጡት እነዚያው ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች ናቸውና።

በኢትዮጵያ ክፍሎች ሌላም የተለመደ የጥያቄ ዓይነት አለ። መምህሩ ‹‹ገባችሁ?›› ሲል ክፍሉ በአንድ ድምፅ ‹‹አዎ ቲቸር!›› ይላል። ይህ ጥያቄ ሁሉንም ያሳተፈ ይመስላል። ነገር ግን ያልገባው ተማሪ ከሌሎቹ ጋር ‹‹አዎ›› ከማለት በቀር ሌላ ቀላል መንገድ ስለሌለው መምህሩ ከመልሱ የሚያገኘው መረጃ የለም ማለት ይቻላል።

ተማሪዎች ዝም የሚሉባቸው ምክንያቶች

ዝምታ በመምህራን ዘንድ ብዙ ጊዜ የስንፍና ወይም ያለማወቅ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ሆኖም መልሱን እያወቀ ዝም የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

ይሉኝታ፦ የተሳሳተ መልስ የሰጠ ተማሪ በክፍል ጓደኞቹ ሊሳቅበት ይችላል። ደጋግሞ የሚመልስም ‹‹ታይታ ይወዳል›› ሊባል ይችላል። ስለዚህ ማወቅም አለማወቅም እኩል ዝም ያሰኛል። ብዙ ልጆች ታላቅ ሲናገር ታናሽ እንዲያዳምጥ ተደርገው ያድጋሉ። ‹‹ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም›› እና ‹‹ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም›› የሚሉት ተረቶች ይህን አስተዳደግ ያንጸባርቃሉ። በአንጻሩ ‹‹ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል›› የሚል ተረትም አለ። ልጁ ቤት ውስጥ ጨዋነት ነው ተብሎ የተማረው ዝምታ ክፍል ውስጥ ድክመት ሆኖ ይቆጠርበታል።

የጊዜ ማጠር፦ አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አሳይተዋል። ደካማ ናቸው ለሚሏቸው ተማሪዎች ደግሞ ጎበዝ ከሚሏቸው ያነሰ ጊዜ ይሰጡ ነበር። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ተማሪ ያነሰ ጊዜ ያገኝ ነበር ማለት ነው።

ቋንቋ፦ ጥያቄው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋ ሲቀርብ ተማሪው መጀመሪያ ጥያቄውን መረዳት፣ ከዚያ መልሱን ማሰብ፣ ቀጥሎም መልሱን በዚያው ቋንቋ ማዋቀር ይኖርበታል። በዚህ መካከል ሌላ ተማሪ ይመልሳል።

የመቀመጫ ቦታ፦ ፊት ለፊትና መሐል የተቀመጡ ተማሪዎች የመምህሩ ዓይን ቶሎ ያርፍባቸዋል። የኋላ ዴስኮችና ጥግ ላይ ያሉት ከጥያቄው ውጭ ይሆናሉ።

ከዚህ በተጨማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 መጽሐፋቸውን ያሳተሙት ማይራና ዴቪድ ሳድከር በአሜሪካ ክፍሎች ወንዶች ከሴቶች የበለጠ የመምህር ትኩረት እንደሚያገኙ ገልጸዋል። ሳይፈቀድላቸው ጮኸው ለሚመልሱ ተማሪዎች ዕድል መስጠት ይህን ልዩነት ያሰፋዋል።

በሐረር ያለው ሁኔታ

ሐረር የብዙ ቋንቋዎች ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት በሐረሪ ክልል አፋን ኦሮሞ የ57 በመቶ ገደማ፣ አማርኛ የ27 በመቶ ገደማ፣ ሐረሪ የ7 በመቶ ገደማ፣ ሶማልኛ ደግሞ የ4 በመቶ ገደማ ነዋሪዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነበሩ። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ሲሆኑ አማርኛም በከተማዋ በስፋት ይነገራል። ሐረሪዎች ቋንቋቸውን ጌይ ሲናን ይሉታል፤ ትርጉሙም የከተማዋ ቋንቋ ማለት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ የፈቀደ ሲሆን፣ በሐረር ሐረሪ፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ የማስተማሪያ ቋንቋዎች ሆነዋል። በዚያው ፖሊሲ መሠረት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ቤት ውስጥ ሐረሪ፣ ገበያ ላይ አፋን ኦሮሞ፣ ሰፈር ውስጥ አማርኛ ሊናገር ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ የ9ኛ ክፍል የሳይንስ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሲቀርብለት ዝም ቢል ምክንያቱ የቋንቋ ችሎታ ማነስ ነው ለማለት ይከብዳል። ሦስት ቋንቋ የሚናገር ተማሪ ነው፤ የተጠየቀው ግን በአራተኛው ነው።

የመቀመጫ ሥርዓትም በሐረር ባህል ውስጥ ግልጽ ትርጉም አለው። ጌይ ጋር በተባለው የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ሳሎን ውስጥ ነደባ የሚባሉ አምስት ከፍታ ያላቸው መደቦች ይገኛሉ። ማን በየትኛው ነደባ እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር ይለያል። በክፍል ውስጥ የዴስክ አቀማመጥ እንዲህ ያለ የታወጀ ሕግ የለውም፤ ሆኖም ማን ይናገራል የሚለውን ሳይታወቅ ሊወስን ይችላል።

ነባር ትምህርት ቤቶች

ሐረር ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ናት። በቁርአን ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ሉሕ፣ ማለትም የእንጨት ሰሌዳ አለው፤ የሚማረውንም እዚያ ላይ ይጽፋል። ልጆቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የየራሳቸውን ክፍል ያነባሉ፤ ከዚያም አንድ በአንድ በመምህሩ ፊት ይቀርባሉ። የሃይማኖት መምህር በሐረር ከቢር ይባላል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤትም ተመሳሳይ አሠራር አለ። በንባብ ቤት ልጆች በየደረጃቸው ያነባሉ፤ ከፍ ያሉት ተማሪዎች ታናናሾቹን ያስጠናሉ። በቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪው ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ሲጨርስ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ያርሙታል።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች በሽምደዳና በጠንካራ ቅጣት ይተቻሉ። ከተሳትፎ አንጻር ግን ዛሬ እንደ አዲስ የሚቀርቡ ሦስት አሠራሮችን ይዘዋል። የመጀመሪያው ማንም ልጅ ሳይጠየቅ አለመዋሉ ነው። ሁለተኛው ልጁ ከመናገሩ በፊት ለብቻው ወይም በብዙ ድምፅ መካከል ተከልሎ መለማመዱ ነው። ሦስተኛው ስሕተቱ ለክፍሉ በሙሉ ሳይሆን በዋናነት በመምህሩ ፊት መታረሙ ነው።

የፕላዝማ ትምህርትና የአንድ ለአምስት አደረጃጀት

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ትምህርቱ በስክሪኑ ስም ‹‹ፕላዝማ›› ተብሎ ይታወቃል። ዝግጅቶቹ በደቡብ አፍሪካ የተሠሩ ሲሆኑ በእንግሊዝኛ ይቀርቡ ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል የሚወስደው የቴሌቪዥኑ መምህር ነበር፤ የክፍሉ መምህር የሚቀረው ጥቂት ደቂቃ ነበር።

የፕላዝማው መምህርም ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። ጥያቄው ይቀርባል፣ ለአጭር ጊዜ ይጠበቃል፣ ከዚያ መልሱ ይነገራል። ስርጭቱ ከአንድ ማዕከል በተመሳሳይ ሰዓት ለሁሉም ትምህርት ቤቶች ስለሚተላለፍ የክፍሉ መምህር ሊያቆመው ወይም ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም ነበር። ተማሪው መለሰም አልመለሰም ትምህርቱ ይቀጥላል። ፕላዝማ በአንድ በኩል ብቁ መምህር ላልነበራቸው ትምህርት ቤቶች ምስልና የተዘጋጀ ትምህርት አድርሷል። በሌላ በኩል ፍጥነቱና ቋንቋው ተማሪዎችን ተመልካች አድርጓል በሚል በመምህራንና በተመራማሪዎች ተተችቷል። ጥያቄ ስለተጠየቀ ብቻ ተሳትፎ እንደማይኖር በግልጽ የታየበት አጋጣሚ ነው።

በኋላ በብዙ ትምህርት ቤቶች የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ተስፋፋ። አንድ የተሻለ ውጤት ያለው ተማሪ አምስት ጓደኞቹን ይዞ ያስጠናል፤ በክፍል ውስጥም ቡድኑ አብሮ ይቀመጣል። አደረጃጀቱ ዝምተኛ ተማሪ በትንሽ ቡድን ውስጥ እንዲናገር ያግዛል። ድክመቱ የቡድኑ መልስ ሁልጊዜ በመሪው አንደበት ሲቀርብ አምስቱ ተመልሰው አድማጭ መሆናቸው ነው።

የማሳተፊያ ዘዴዎች

የመጠበቂያ ጊዜ፦ መምህሩ ጥያቄውን ጠይቆ ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ዝም ይላል። ሮው መምህራን ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሶች እንደሚረዝሙ፣ ‹‹አላውቅም›› የሚል መልስ እንደሚቀንስ፣ በራሳቸው ፈቃድ የሚመልሱ ተማሪዎችም እንደሚበዙ አሳይተዋል። ጥያቄው በሁለተኛ ቋንቋ ከሆነ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ያስፈልጋል። ከመጠበቁ በፊት የተማሪ ስም ከተጠራ የቀሩት ማሰብ ያቆማሉ፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ጥያቄ፣ ዝምታ፣ ከዚያ ስም ነው።

አስብ፣ ተወያይ፣ አካፍል፦ ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቁት በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፍራንክ ላይማን ናቸው። ተማሪው መጀመሪያ ለብቻው ያስባል፤ ቀጥሎ ከጎኑ ካለው ጋር ይነጋገራል፤ በመጨረሻ ለክፍሉ ያቀርባል። ተማሪው ለክፍሉ የሚናገረው ቀድሞ የተሞከረ ሐሳብ ስለሆነ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ቢሳሳትም ስሕተቱ የሁለት ሰው ነው። ዴስክ ለሚጋሩ ተማሪዎች ወንበር ማንቀሳቀስ ስለማያስፈልግ ለብዙ ተማሪ ክፍልም ይመቻል። በፊዚክስ መምህሩ ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የእርስ በርስ ማስተማር ዘዴም ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

የሁሉም መልስ፦ መምህሩ ምርጫ ያለው ጥያቄ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ተማሪዎች በአንድ ምልክት ከአንድ እስከ አራት ጣት በደረታቸው ፊት ያሳያሉ። ወይም መልሱን በደብተር ገጽ ላይ በትልቁ ጽፈው ከፍ ያደርጋሉ። በጠመኔ የሚጻፍበት ትንሽ የካርቶን ሰሌዳም ይሠራል፤ ይህ ሉሕን የሚያውቅ ልጅ የማይቸገርበት ዕቃ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚያሳዩ መኮረጅ ይቀንሳል፤ መምህሩም በአንድ እይታ የክፍሉን ሁኔታ ያያል።

ዕጣ፦ የተማሪዎች ስም በወረቀት ቁራጭ ተጽፎ በጣሳ ውስጥ ይቀመጣል፤ መምህሩ እያወጣ ይጠይቃል። እዚህ ላይ የአወጣጡ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። 50 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል የወጣው ስም ሁልጊዜ ወደ ጣሳው ቢመለስ፣ ከ50 ጥያቄዎች በኋላ አንድ ተማሪ ጨርሶ ሳይጠራ የመቅረት ዕድሉ 36 በመቶ ነው። የወጣው ስም ሁሉም እስኪዳረስ ወደ ጎን ቢቀመጥ ግን በ50 ጥያቄዎች ሁሉም ይዳረሳል። የዚህ ጉድለት ደግሞ አንዴ የተጠራ ተማሪ ማሰብ ሊያቆም መቻሉ ነው። ለዚህም ከወጡት ስሞች ጥቂቱን ወደ ጣሳው መመለስ ይመከራል።

በአሜሪካ በዩኒቨርሲቲ ክፍሎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የኤሊዝ ዳሊሞርና የባልደረቦቻቸው ጥናት፣ መምህሩ እጅ ያላወጡትንም አዘውትሮ በሚጠይቅባቸው ክፍሎች በፈቃዳቸው የሚመልሱ ተማሪዎች ቁጥር ከጊዜ ወደ ጊዜ እንደሚጨምር አመልክቷል።

የቋንቋ ድልድይ፦ ተማሪዎች በጥንድ ሲወያዩ በሚቀናቸው ቋንቋ እንዲነጋገሩ ይፈቀዳል፤ ለክፍሉ ሲያቀርቡ ወደ ማስተማሪያው ቋንቋ ይመልሱታል። የመልስ መጀመሪያ የሚሆን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ መጻፍም ይረዳል። በዚህ መንገድ የትምህርቱ ጥያቄ የቋንቋ ፈተና ከመሆን ይድናል።

የስሕተት አያያዝ፦ ‹‹አይደለም፣ ቀጥል ሌላ›› የሚል ምላሽ ተማሪው በሚቀጥለው ጊዜ እጁን እንዳያወጣ ያስተምረዋል። ከመልሱ ውስጥ ትክክል የሆነውን ክፍል ለይቶ መጥቀስ፣ እንዴት እዚያ እንደደረሰ መጠየቅ፣ ከዚያም ሌላ ተማሪ እንዲጨምርበት ማድረግ የተሻለ ነው። ‹‹አላውቅም›› ያለ ተማሪ ሁለት ሌሎች ከመለሱ በኋላ ተመልሶ ይጠየቃል፤ የሰማውን በራሱ ቃል ቢደግም በቂ ነው። ‹‹አጨብጭቡለት›› የሚለው ልማድ የሚያበረታታ ቢሆንም ለጎበዞች ብቻ ሲሆን ልዩነቱን ያጎላዋል።

ምሳሌ፦ የጀጎል በሮች

የጥያቄው ዓይነት ራሱ ማን እንደሚመልስ ይወስናል። አንድ የታሪክ መምህር ስለ ሐረር ሲያስተምር ‹‹የጀጎልን ግንብ ያሠራው ማን ነው?›› ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አሚር ኑር ነው፤ ያላነበበ ተማሪ ሊገምተው አይችልም። ጥያቄው ሁለት ዓይነት ተማሪ ብቻ ይፈጥራል፤ የሚያውቅና የማያውቅ።

‹‹ግንቡ ከጥንት ለምን አምስት በሮች ብቻ ኖሩት?›› የሚለው ግን በየቀኑ በሸዋ በር ወይም በቡዳ በር የሚያልፍ ልጅ ሁሉ የሚለው ነገር ያለው ጥያቄ ነው። አንዱ ስለ ጥበቃ፣ ሌላው ስለ ቀረጥ፣ ሌላዋ ከየበሩ ወደ ከተማዋ ስለሚመጣው የገበያ መንገድ ሊናገሩ ይችላሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ‹‹በኋላ ዘመን ለመኪና መግቢያ የሚሆን ተጨማሪ በር መከፈቱ ለከተማዋ ምን ጠቀመ? ምን ጎዳ?›› ሊሆን ይችላል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ ይህ ጥያቄ ዛሬም የሚያከራክር ነው።

በዚህ ቅደም ተከተል መምህሩ ሁለተኛውን ጥያቄ በጥንድ ያወያያል፤ በሦስተኛው ላይ ‹‹ጠቀመ›› ለሚሉ አንድ ጣት፣ ‹‹ጎዳ›› ለሚሉ ሁለት ጣት ያስወጣል፤ ከዚያ ከየወገኑ በዕጣ ያናግራል። የአሚር ኑር ስም በውይይቱ መካከል ይገባል። ክፍሉ የሚያስፈልገውን እውቀት ያገኛል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ግን የመናገሪያ መግቢያ ፈተና አይሆንም።

ገደቦችና ትችቶች

ዝም ያለ ሁሉ አልተማረም ማለት አይደለም። በትኩረት እያዳመጠና እየጻፈ የሚማር ተማሪ አለ። መንተባተብ፣ የመስማት ችግር ወይም ከባድ ፍርሃት ያለበትን ልጅ ሳይዘጋጅ በድንገት መጥራት ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ለእንዲህ ያለ ተማሪ ጥያቄውን ቀደም ብሎ መንገር ወይም መልሱን በጽሑፍ መቀበል አማራጭ ነው።

የጊዜ ጉዳይም አለ። የመማሪያ መጽሐፉን በዓመቱ መጨረሻ መጨረስ ያለበት መምህር ለእያንዳንዱ ጥያቄ ውይይት መክፈት አይችልም። በመሆኑም በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዋና ጥያቄዎችን መርጦ በእነሱ ላይ ሁሉንም ማሳተፍ፣ ሌሎቹን በፍጥነት ማለፍ ይመከራል። ለተሳትፎ ማርክ መስጠትም አከራካሪ ነው፤ ብዙ መናገርን ከመማር ጋር ሊያምታታ ይችላል።

በሌላ በኩል መዘግየቱ ዋጋ ያስከፍላል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ በክፍል ጥያቄ ብቻም አይፈቱም። ነገር ግን ያልገባው ተማሪ አለመረዳቱ የሚታወቀው በፈተና ቀን ከሆነ ለመርዳት ጊዜው አልፏል። የክፍል ጥያቄ ዋና ጥቅም ይህን ቀድሞ ማሳወቁ ነው፤ ጥቅሙም የሚገኘው ዝምተኞቹ ሲመልሱ ነው።

ደግሞ ይዩ

ሐረር
ጀጎል
የአብነት ትምህርት ቤት
የኢትዮጵያ የትምህርት ሥርዓት
ይሉኝታ